የሂልዳ ኦክሮይድ ማኅበር

ሂልዳ ኦክሮይድን «ፕሮቴስታንት» ያላት ሰው ወዮለት! ዮርክሻየር ውስጥ በአንዲት የሱፍ ፋብሪካ ከተማ፣ በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ተጠምቃ ያደገች ናት። «እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ ሚስቱን ልፍታ ብሎ ከሮም የተጣላው የጥንቱ ንጉሥ እንጂ እኔ አይደለሁም» ትላለች። የሮም ካቶሊክ የሆነችው አየርላንዳዊት ጎረቤቷ በርናዴት አጥር ላይ ተደግፋ ትተርባታለች።

«ሂልዳዬ፣ ሮም ሳታውቅሽ ካቶሊክ?»

«እመቤታችን ታውቀኛለች! አንቺ ይልቅ ባልሽን ቀስቅሺና ቅዳሴ ውሰጂው።»

ቅዳሜ ቅዳሜ የእመቤታችንን ማኅበር የምትሰበስበው እሷ ነች። ሰማያዊ ጥብጣብ ያለው ሜዳልያ አንገት ላይ፣ መቁጠሪያ በእጅ፣ ከጸሎት በኋላ ሻይና ሳንዱዊች። አባል ወይም የአባል ቤተሰብ ሲታመም ቄስ ይጠራለታል፣ ሲሞት ይቀደስለታል። ባሏ ክሊፍ ሳንባው በሱፍ ብናኝ አልቆ ሲያጣጥር፣ የቤተ ክርስቲያኗ ቄስ አባ ጀራርድ መጥተው ኃጢአቱን ሰምተው ፈቱት፣ በዘይት ቀብተው አቆረቡት። ክሊፍ ከሠርጉ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ረግጦ አያውቅም፤ በስንት ልመና ነው እሺ ያለው። እሱን ቀብራ እንቅልፍ የወሰዳት ያችን ቅባት ተማምና ነው።

እኚሁ አባ ጀራርድ ናቸው እንግዲህ ተነሥተው ወደ ሮም ቤተ ክርስቲያን የገቡት። የማኅበሩ ሰው ግር ብሎ ተከተላቸው። ሂልዳ «ካቶሊክ ለመሆን ካቶሊክነቴን አልክድም» ብላ ቀረች። ቤተ ክርስቲያኑ ለአንድ ጊታር መቺ ቄስ ተሰጠ፤ የእመቤታችንም ሐውልት ዕቃ ቤት ተወረወረች። ሂልዳ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነች።

ያም ሆኖ አባ ጀራርድን ስለምትወዳቸው፣ በሮም ሥርዓት ሲሾሙ ልታይ ሄደች። ኋላ ተቀምጣ ስታዳምጥ፣ ጳጳሱ ቅስና ነክቶት እንደማያውቅ ሰው ከሥሩ ጀምረው ሾሟቸው። በር ላይ ጠበቀቻቸው።

«አባ፣ ቄስ የሆኑት ዛሬ ነው?»

«በሮም ዓይን፣ አዎ።»

«የሮምን ዓይን ተዉት! እርስዎስ?»

«ሂልዳ፣ ባላምንበት ኖሮ አልንበረከክም ነበር። እግዚአብሔር ግን መሐሪ ነው፣ ልብን ያያል።»

«እሱንማ በርናዴትም ትነግረኛለች። ክሊፍ ኃጢአቱን የተናገረው ለማን ነው ታዲያ?»

አባ ጀራርድ እጇን ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉ።

«አልፈልግም ብሎኝ ነበር እኮ» አለች። «እኔ ነኝ የለመንኩት።» አውቶቡስ ልትጠብቅ ሄደች።