ቢት የገባበት ሙሾ

አርባ ዓመት ያለፈው ስልክ ጠጋኝ ቃል የሌለው ሙዚቃ ሲሰማ መዋሉ በትንሿ ከተማችን በራቤል እንደ ጤና ጉድለት ነው የሚቆጠረው። እኔ ግን ሱቄ ውስጥ የተሰነጠቀ ስክሪን እየቀየርኩ ጆሮዬ ላይ የሚደልቀው ሁልጊዜ የማላውቃቸው ልጆች የሠሩት ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው። አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ ደሴ፣ ሌላው አዲስ አበባ በተከራያት ክፍል ሆኖ በአሮጌ ላፕቶፕ የሠራውን ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር አወርዳለሁ። ገና ማንም ያልሰማውን ልጅ ቀድሞ ማግኘት ምን ያህል ደስ እንደሚለኝ ለማንም አስረድቼ አላውቅም። አባቴ በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን ኢርፎኑን ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው። አራት ደቂቃ ሙሉ በትዕግሥት ሰሙና፣ "ታዲያ ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?" አሉኝ።

አምና አረፉ።

ከሞቱ ከጥቂት ወራት በኋላ ደብረ ብርሃን የምትኖር አንዲት ልጅ አገኘሁ። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ተማሪ ናት። የወፍጮ ድምፅ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ የገበያ ጫጫታ ትቀዳና ከሥሩ ቢት ታስገባበታለች። ገረመኝና ጻፍኩላት። እሷም መለሰችልኝ፦ "ጋሼ፣ የእናንተን አገር ድምፅ ቢልኩልኝ?"

ጓሳ ሣር ውስጥ የሚያፏጨውን ነፋስ ላክሁላት፤ የፈረስ ኮቴም ላክሁላት። ፋይሎቹን ስመርጥ በአባቴ ለቅሶ ላይ የቀዳሁት ጋ ደረስኩና ጣቴ ቆመ። አክስቴ ሙሾ ሲያወርዱ ነበር የቀዳሁት። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ አባቴ "እትዬ" ይሏቸው ስለነበር እኔም እትዬ ነው የምላቸው። በዚያ ቀን እንዲህ ብለው ነበር፦

በጓሳ መሬት ላይ ጉም ወርዶ ሲተኛ፣
ማን ይመልሳቸዋል በጎቹን ወደኛ?

ላክሁት። ሙሾ መሆኑን አልነገርኳትም፤ የማን መሆኑንም አልነገርኳትም። ለምን እንደላክሁት እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ። ምናልባት ያቺ ልጅ "እንዲህ ያለ ድምፅ ከየት አገኙ!" እንድትለኝ ፈልጌ ይሆናል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አዲስ ሥራ ለጠፈች። ከፈትኩት። መጀመሪያ ነፋስ፣ ከዚያ ኮቴው ቢት ሆኖ መጣ፣ ከዚያ ቤዙ ገባ። እግሬ ከእኔ ቀድሞ ወለሉን መምታት ጀመረ። "ወደኛ፣ ወደኛ፣ ወደኛ" የሚል የሴት ድምፅ ተነሣ። እግሬ እየመታ ነው። ደግማ ስትል እትዬ መሆናቸውን ለየሁ። በአባቴ ለቅሶ እየጨፈርኩ ነበር። ኢርፎኑን ነቅዬ ጣልኩት። ከሁሉ ይልቅ ያስፈራኝ ግን ልጅቷ ከሠራችው ሁሉ ይሄኛው የሚበልጥ መሆኑ ነው። ጥሩ ነገር አንድ ቦታ አይቀመጥም።

እንደፈራሁትም ሆነ። ለባጃጅና ለአውቶቡስ ሹፌሮች ፍላሽ ላይ ዘፈን የምጭነው እኔ ነኝ፤ በሳምንቱ አንዱ ሹፌር መጥቶ፣ "ያቺን የምታለቅሰዋን ሴትዮ ጫንልኝ" አለኝ።

"የለኝም" አልኩት።

"አንተ ዘንድ ያልኖረ ማን ዘንድ ይኖራል?"

የያዝኩትን ስልክ መፍታት ቀጠልኩ። ሹፌሩ ሌላ ቦታ ሄዶ አስጫነ።

የአባቴ ሙት ዓመት ደግሞ እየቀረበ ነበር። ዘመድ ከየአገሩ ይመጣል፤ ሁሉም ኪሱ ውስጥ ስልክ አለ። አንዱ ጎረምሳ እትዬ ፊት ቢከፍተውስ? እሳቸው ድምፃቸውን ቢሰሙስ? እህል አልወርድልህ አለኝ። በመጨረሻ ከሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ከሙት ዓመቱ ሦስት ቀን ቀደም ብዬ ወደ እሳቸው ቀዬ ተነሣሁ።

አውቶቡሱ ገና ከከተማ እንደወጣ ሹፌሩ ያንኑ ከፈተ። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉና፣ "ይቺ ሴት የኛ አገር ሰው ናት። ማን ሞቶባት ይሆን?" አሉኝ። "እንጃ" አልኩ። ከመውረጃዬ ብዙ ቀድሜ "ወራጅ አለ!" ብዬ ወረድኩና የቀረውን በእግሬ ሄድኩት። ጉሙ ከገደሉ አፍ እየወጣ መንገዱን ይሸፍነዋል። የምናገረውን እያጠናሁ ሄድኩ፤ ደጃቸው ስደርስ አንዱም አፌ ላይ አልነበረም።

እትዬ ደጅ ላይ ለጠላ የሚሆን ብቅል አስጥተው ተቀምጠዋል። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ስመውኝ ሳይጨርሱ፣ "ምነው ፊትህ? ታመሃል?" አሉኝ።

"እትዬ፣ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ።"

ነገርኳቸው። ስልኩን ጆሯቸው ጋ ያዝኩላቸው። እስኪያልቅ ፊታቸው አልተለወጠም።

"ይሄ ድም ድም የሚለው ምንድን ነው?"

"ቢት ነው፤ በኮምፒዩተር የተሠራ ከበሮ በሉት።"

"ሰዉ ቁጭ ብሎ ነው የሚሰማው?"

መዋሸት እችል ነበር። "አይ እትዬ። ይጨፍሩበታል" አልኳቸው።

"በወንድሜ ለቅሶ ሰው አስጨፈርክ?"

ብቅሉን ትተው ተነሡና ወደ በጎቹ ጋጣ ሄዱ። እኔ ደጅ ላይ ቀረሁ፤ ዶሮዎች ብቅሉ ላይ ሲወጡ እንኳ የማባረር አቅም አጣሁ። ተመልሰው ሲመጡ ዶሮዎቹን እሽ አሏቸውና ፊት ለፊቴ ቆሙ።

"ስሙን የት ጣለችው?"

"የማንን?"

"የአባትህን ነዋ! ሙሾ ሳወርድ ስሙን አልጠራሁም? ስም ያልተጠራበት ሙሾ ለማን ነው፣ ለበግ ነው? ለልጅቷ ንገራት፤ ወይ ስሙን ታስገባ፣ ወይ ድምፄን ትመልስ።"

ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጣሁና ደወልኩላት። የሙሾውንም የእትዬንም ነገር ነገርኳት። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ።

"ጋሼ፣ እንጉርጉሮ መስሎኝ ነው። ምነው ያኔ ቢነግሩኝ?"

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳት። ወዲያው ከቴሌግራም አጠፋዋለሁ አለች፤ የተገለበጠውን ግን እሷም እኔም መሰብሰብ አንችልም። ስሙ የተጠራበትን ከላክሁላት እንደገና እሠራዋለሁ አለችኝ። ቅጂውን ከፍቼ ስፈልግ ሌላ ጉድ ገጠመኝ፤ መቅዳት የጀመርኩት እትዬ ስሙን ጠርተው ካለፉ በኋላ ነበር።

ወርጄ፣ "እትዬ፣ አንዴ ብቻ ደግመው ቢሉልኝ" አልኳቸው።

"ሙሾ ታዞ አይወርድም" ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ።

ሁለቱን ቀን ስለ ነገሩ ቃል አልተነፈሱም። በሙት ዓመቱ ፍትሐቱ ተደርሶ፣ ካህናቱ ጸበል ጻዲቁን ቀምሰው፣ ሰዉ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ እትዬ ከሴቶቹ መካከል ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም። ስልኬን አወጣሁ። ቀዩን የመቅጃ ምልክት ሁለቴ ስቼው በሦስተኛው ነካሁት። የአባቴን ስም ጠሩ። ከነአባታቸው ስም፣ ከነአያታቸው፣ ከተወለዱበት ቀበሌ ጋር። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። እኔ እያለቀስኩ ዓይኔን ሴኮንዱን ከሚቆጥረው ቁጥር ላይ ማንሣት አልቻልኩም፤ ከተቋረጠ ሁለተኛ እንደማይገኝ አውቃለሁ።

ተቀድቶ ነበር። ላክሁት። ከወር በኋላ ልጅቷ አዲሱን ሠርታ ላከችልኝ። ከመለጠፏ በፊት እትዬ እንዲሰሙት ብላ ጠበቀች። ይዤላቸው ሄድኩ። ከስልኩ ጋር ኢርፎኑን ስዘረጋላቸው አልተቀበሉኝም።

"ስሙ ገብቷል?"

"ገብቷል እትዬ። መጀመሪያ እሱ ይጠራል፣ ከዚያ ነው ቢቱ የሚገባው።"

"እንግዲያ እኔ ምን አደርገዋለሁ፤ እኔ ስሙን አውቀዋለሁ። የማያውቁት ይስሙት" አሉና የምበላው ሊያቀርቡልኝ ወደ ቤት ገቡ።

አሮጌውም አዲሱም ዛሬ በየመኪናው ይዞራሉ። መንገድ ላይ በሰማሁ ቁጥር የትኛው እንደሆነ እስክለይ ድረስ ቆሜ እሰማለሁ።