አራት ቀን የደበቅሁት መርዶ

ከመንዝ የወጣሁ ዕለት ሲነጋ ሜዳው አመዳይ ለብሶ ነበር፤ እናቴ በሶ ቋጥራልኝ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። እዚህ ኦክላንድ ብርድ የሚሉትን ነገር ሳይ ሳቄ ይመጣል።

አብራኝ የምትኖረው ዶልማ የቲቤት ሰው ናት፤ እዚሁ አቅራቢያ ኒውአርክ በምትባል ከተማ መጋዘን ውስጥ አብረን ዕቃ እናሽጋለን። አገሯ ከእኛ ደጋ በላይ ደጋ ነው። ዛፍ የለም፣ ሐይቁ ጨው ነው፣ ነፋሱ ፊት ይልጣል። ያክ የሚሉትን ጠጉራም ከብት እየነዱ፣ ከጠጉሩ የተሠራ ጥቁር ድንኳን ጭነው ሣር ፍለጋ ይዞራሉ። የሚያነዱት ኩበት፣ የሚበሉት የገብስ በሶ! ይህን ስሰማ እህት ያገኘሁ መሰለኝ። ሻይ ላይ ቅቤና ጨው መጨመራቸውን ግን ዛሬም አልለመድኩትም።

አንድ ማክሰኞ እሷ ሥራ ላይ ሳለች ካትማንዱ ያለው የአጎቷ ልጅ ስልኳን አላነሳ ብትለው ወደ እኔ ደወለ። የዶልማ እናት ሰኞ ዐርፋለች፣ ቶሎ ንገሪያት አለኝ። መርዶ እንዲህ ይነገራል እንዴ? ወደ ኤርትራዊቷ ጎረቤታችን ወደ እማማ አብረኸት ሮጥኩ።

«ደክሟት ስትገባማ አይነገራትም» አሉኝ። «ቅዳሜ ኦፍ ናችሁ አይደል? ጠዋት ሰው ይዤ እመጣለሁ።»

«እርስዎ ይንገሩልኝ እንጂ እኔስ አልችልም።»

እስከ ቅዳሜ እየሳቅሁ አብሬያት በላሁ። ቅዳሜ ስድስት ሴቶች ነጠላ አዘቅዝቀው ገቡና እማማ ነገሯት። ሴቶቹ እሪ ሲሉ ዶልማ በእጇ ዝም አሰኘቻቸው። ለካ በእነሱ ዘንድ ልቅሶ ነፍስን መንገድ ያስታል። ነፍስ አርባ ዘጠኝ ቀን ትጓዛለች፤ ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የቅቤ መብራት ያበራላታል። ዶልማ ደግሞ ለእናቷ አንድ ናት።

«መቼ ሰማሽ?» አለችኝ።

«ማክሰኞ።»

«አራት ቀን በጨለማ ሄደች።»

አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፣ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ቅቤ አቅልጬ በብርጭቆ ቀዳሁላት፣ መስኮቱ ሥር ደርድራ አበራች። ከሰዓት አከራያችን ጭስ ሸቶት መጣ።

«እናቷ መንገድ ላይ ናት» አልኩት፣ ሌላ ቃል ቢጠፋኝ።

«የቤት ኪራይ ሊዙ የሚለው ሁለት ሰው ነው። ሦስተኛ አይገባም» ብሎኝ ሄደ።

በማግሥቱ እሁድ ጠዋት፣ እዚያ ሲመሽ፣ ደብረ ብርሃን ወንድሜ ቤት ደወልኩ። እናቴ አሁን ከእሱ ጋር ናት።

«እማዬ ደኅና ናት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ናት።»

«እስቲ ስጣት።»

«ገበያ ወጥታለች።»

«በእሁድ? በምሽት?»



«ደኅና ናት አልኩሽ እኮ» አለኝ።