ክሳቸውን ከእድር መዝገብ የሚጀምሩት ጠበቃ

እውነት ነው እንዴ?

ከጠዋት ጀምሮ ሰበታ ውስጥ ስልክ ያነሳ ሁሉ የሚጠይቀው ይሄንኑ ነው። እኔም ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅኩ። በመጨረሻ ባለቤታቸው ስልኩን አነሱና "አዎ ልጄ" አሉኝ።

ጋሽ ደምሴ አርፈዋል። ጠዋት ቢሮ ሊከፍቱ ሲሄዱ ደረጃው ላይ ወደቁ። ልብ ነው የሚል አለ፤ ሌላ ነገር የሚልም አለ። እኔ ያላየሁትን አልጽፍም። ያላየሽውን አትጻፊ ያሉኝ ራሳቸው ናቸው።

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ ደምሴ የማጭበርበርና የንግድ ወንጀል ጠበቃ ነበሩ። ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ በሐሰተኛ ውክልና፣ በደረቅ ቼክ፣ ወረቀት ላይ ብቻ ባለ ድርጅት የተበላ ሰው ሁሉ የሚሄደው እሳቸው ጋ ነው። ገበሬው "ኦቦ ደምሴ" ይላቸዋል፣ ነጋዴው "ጋሼ"። የተከሰሱት የሚሏቸውን እዚህ አልጽፈውም።

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ወሬ ከመጣ ወዲህ ሥራቸው ሁሉ መሬት ሆነ። ከተማው ሊመጣ ነው ሲባል ደላላው ቀድሞ ደረሰ።

አምና ከሕግ ትምህርት ቤት ወጥቼ ቢሯቸው ስገባ፣ በመጀመሪያው ቀን ፍርድ ቤት የምንሄድ መስሎኝ ታኮ ጫማ አድርጌ ነበር። እሳቸው የላኩኝ የገበሬዎች እድር ጸሐፊ ጋ ነው፣ ጭቃ ለጭቃ።

ጉዳዩ የአዴ ጫልቱ ነበር። ባላቸው ኦቦ ቶላ መሬታቸውን ለአንድ ድርጅት በአውራ ጣታቸው ፈርመው ሰጥተዋል የሚል ውል ወጥቶ፣ ማሳው ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጥሯል። ጸሐፊው የእድሩን መዝገብ ገለጡልኝ፤ ድንኳኑ የወጣበት ቀን፣ የወሰደው ሰው፣ የመለሰው ሰው። ኦቦ ቶላ ፈረሙ በተባለበት ቀን ድንኳኑ ደጃቸው ተተክሏል። ለራሳቸው ለቅሶ። ከሞቱ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር።

ውሉን የሠሩት ሰዎች የገበሬ ሞት የትም አይጻፍም ብለው ነው።

እየሮጥኩ ተመለስኩ። "ጋሼ፣ ያዝናቸው! መቼ ነው የሚታሰሩት?"

"ቀስ በይ አንቺ፣ መጀመሪያ ጫማሽን ጥረጊ" ብለው ሳቁ። ከዚያ ሁልጊዜ የሚሏትን አሉ፦ "ወረቀት ይዋሻል፤ ድንኳን አይዋሽም።"

በሳምንቱ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ቢሮ መጣ። ወንበር ብሰጠው አልተቀመጠም።

"ጋሼ፣ ዘንድሮ አገሩ እየነደደ ነው። ወረቀት ደግሞ ለእሳት ቅርብ ነው" አለ፣ እንደ ወዳጅ ፈገግ ብሎ።

ጋሽ ደምሴ እስክሪብቶ አነሱ። "ተቀመጥና ስምህን ንገረኝ፤ ይሄንንም ልመዝግበው።"

ሰውዬው ወጣ። ከዚያ ወዲህ ግን ቢሮው ፊት ለፊት ታርጋዋ በጭቃ የተለወሰ መኪና በየቀኑ ትቆም ነበር።

ዛሬ የለችም።

ባለፈው ወር የቀጠሮው ዕለት የጅማ መንገድ በድንጋይ ተዘግቶ፣ ጎማ ይነድ ነበር። ሚኒባሱ አራግፎን በእግር ስንሄድ ወጣቶች አስቆሙን።

"ኤሳ ዴምቱ፣ ጋሼ?" ወዴት ነው?

"ማና ሙርቲ።"

"ፍርድ ቤት? ዛሬ? ዛሬ እኮ ፍርድ ቤቱ እኛ ነን!" ተሳሳቁ። አንዱ ግን አልሳቀም። "የማን ጠበቃ ነህ?" አላቸው።

"የአዴ ጫልቱ።"

ትንሽ አያቸው። ከዚያ ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አድርጎ አሳለፈን።

ፍርድ ቤቱ ዝግ ነበር። ጋሽ ደምሴ መምጣታችንን ዘበኛው ወረቀት ላይ እንዲፈርምላቸው አደረጉ። "ቀሪ ብለው መዝገቡን እንዳይዘጉብን" አሉኝ። ከኋላችን ተኩስ ይሰማል፤ እሳቸው የዘበኛው ስም በትክክል መጻፉን ያያሉ።

አዲሱ ቀጠሮ ማክሰኞ ነው። የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ይዘው የሚመሰክሩት ያን ዕለት ነው። ቅድም ስደውልላቸው "ልጄ፣ ኦቦ ደምሴ ከሌሉ እኔ ማን አጠገብ ልቁም?" አሉኝ።

እኔ ገና የጥብቅና ፈቃድ የለኝም፤ ችሎት ፊት ልቆምላቸው አልችልም። ሦስት ጠበቆች ጋ ደወልኩ። አንዱ አሞኛል አለ። አንዱ ማክሰኞ አይመቸኝም አለ። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አንቺም ተዪው" አለኝ።

አልተወውም።

ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ለቅሶዎ ላይ ቁጭ ብዬ ማልቀስ ሲገባኝ ስልክ እየነካካሁ ነው። ነገ እንሸኝዎታለን፤ እንባዬን ለዚያ አቆይቼዋለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ከአዴ ጫልቱ ጋ ችሎቱ በር ላይ ነኝ። ደህና ይሁኑ፣ አባቴ። አፈሩ ይቅለልዎት።

እናንተ ፈቃድ ያላችሁ፣ የማትፈሩ፣ ወይ እየፈራችሁም የምትመጡ፤ የምፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነው። ኢንተርኔቱ ሳይዘጋብን እዚህ ሥር ጻፉልኝ።