እትዬ ቦጋለች የመለሱት ግልገል

ባለፈው ሳምንት የባዮሎጂ መምህራችን ስለ ድመት ዘሮች ሲያስተምሩ ከላፕቶፓቸው ቪዲዮ አሳዩን። የእስያው ባለ መስመር ነብር አለፈ፤ የደቡብ አሜሪካው ጃጓር አለፈ፤ በበረዶ ተራራ ላይ የሚኖረውም አለፈ። ከዚያ ረጅም ጆሮ ያላት ነጠብጣብ ድመት ጥርሷን አሳይታ «ህስስስ» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን እግሬን ከወንበሩ ሥር ሰበሰብኩ። ያን ድምፅ ከሶዶ ዳር፣ ከቤታችን ጓሮ፣ ከእንሰቱ ውስጥ ሰምቼው አውቃለሁ። ከድምፁም ጋር እትዬ ቦጋለች ትዝ አሉኝ።

እትዬ ቦጋለች ጎረቤታችን ነበሩ። ከቦዲቲ ገበያ ቅቤ እያመጡ ይሸጡ ስለነበር ነጠላቸውም፣ እጃቸውም፣ የበራቸው መዝጊያ ሳይቀር ቅቤ ቅቤ ይሸታል። አይጥ እንዳይደፍራቸው አንዲት ግራጫ ድመት ያሳድጋሉ። ድመቷ ስትወልድ ግልገሎቿን ከእንሰቱ ግንድ ላይ በሚንጠለጠለው ደረቅ ቅጠል ሥር ትደብቃለች፤ ይህን የማያውቅ የሰፈር ልጅ የለም። አንድ ክረምትም ሆዷ ጎድሎ ስትመጣ፣ ታናሽ ወንድሜን ምንተስኖትን «ፈልገህ ካገኘህ አንዱ ያንተ ነው» አሉት።

አመሻሹ ላይ ምንተስኖት አንድ ግልገል በሹራቡ ጠቅልሎ እየሮጠ መጣ። ክንዱ ተቧጥጦ ይደማል፤ ፊቱ ግን በደስታ በርቷል። እኛ ቤት የነበሩት እትዬ ቦጋለች ሹራቡን ገለጥ አድርገው አዩ። ግልገሉ ቢጫ ነው፤ ጥቁር ነጠብጣብ አለው፤ ጆሮው ለጭንቅላቱ ይበዛል።

«ይሄ የኔ ድመት ልጅ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው።

ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት ጋሽ ጴጥሮስ ወሬውን ሰምተው ቆንጨራቸውን ይዘው ደረሱ። በዚያ ሰሞን ዶሮዎቻቸው አንድ በአንድ ጠፍተውባቸዋል።

«የነብር ልጅ ነው። እናቱ ሽታውን ተከትላ እዚህ ትመጣለች። ይስጡኝ፣ አሁኑኑ ልገላግላችሁ።»

«ገድለኸው ብትመጣስ? ሽታው እኮ የልጁም ክንድ ላይ ነው።»

«ዶሮዎቼን የጨረሰችው እሷ ናት፣ እትዬ።»

«ግማሹን የጨረሱት አማቾችህ ናቸው።»

ማንም አልሳቀም። ከእንሰቱ ውስጥ ያ ድምፅ መጥቶ ነበር። እናቴ ምንተስኖትን ጎትታ ከጀርባዋ አደረገችው። አባቴ ለሥራ አረካ ሄዷል።

«ልጁን የላክሁት እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ቦጋለች፣ ግልገሉን ከነሹራቡ እየታቀፉ።

«ትቦጫጭቅዎታለች እኮ» አሉ ጋሽ ጴጥሮስ።

«በሩን ዝጉት።»

በመስኮት አየናቸው። በየእንሰቱ አጠገብ እየቆሙ ግንዱን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጋሉ፤ በወላይትኛ «አለሁ፣ እየመጣሁ ነው» ይላሉ፤ ሰው ጎረቤቱ ግቢ ሲገባ ድምፅ እንደሚያሰማ። ከሰፊው ቅጠል ሥር ጨለማው ቀድሞ ይጀምራል። ከግንዶቹ መሃል አንድ ቢጫ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቆሙ። ጎንበስ ብለው ሹራቡን መሬት ላይ ፈቱ፤ ግልገሉ ጮኸ። ጀርባቸውን ሳይሰጡ ወደ ኋላ መራመድ ጀመሩ። እናቴ ትከሻውን ከመጠን በላይ ጨብጣው ኖሮ ምንተስኖት ማልቀስ ጀመረ። ከዚያ ቅጠሉ ተናወጠ፤ የግልገሉ ጩኸትም ተቋረጠ። ሹራቡ ባዶ ነበር።

ሲገቡ የሰጠናቸውን ውሃ ግማሹን ቀሚሳቸው ላይ አፈሰሱት። ጋሽ ጴጥሮስ ቆንጨራውን በር ጥግ አስደግፈው ወንበር አቀረቡላቸው።

«የኔስ ድመት?» አለ ምንተስኖት።

«ያንተን እኔ እፈልግልሃለሁ። አንተ ከዚህ በኋላ አትፈልግ።»

መምህራችን የዚያችን ድመት ስም ሰሌዳው ላይ ጻፉ፤ አነር። ዶሮ ትነጥቃለች እንጂ ሰውን እምብዛም አትተናኮልም አሉ። እኔም በጥንቃቄ ጻፍኩ። እትዬ ቦጋለች ግን ይህን አያውቁም ነበር። የገቡት ነብር ትጠብቀኛለች ብለው ነው።

አሁን በሕይወት የሉም። ጓሯቸው ላይ ቤት ተሠርቶበታል፤ በእኛ በኩል ያለው እንሰት ግን አለ። ምንተስኖት በቁመት በልጦኛል። ለእናቴ ቅጠል ሊቆርጥ ሲገባ ግንዱን በመዳፉ መታ መታ ያደርግና በወላይትኛ «አለሁ» ይላል። መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ትንሽ ይቆያል፤ ቢላውን የሚያነሳው ከዚያ በኋላ ነው።