የተሳፋሪዎቹ ምክር

ከኋላው ወንበር ሥር፣ የቫኪዩሙ አፍ በማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ አንዲት የሚንት ከረሜላ አገኘሁ። ስንት የዳላስ ሙቀት እንዳለፈባት እንጃ፣ ከላስቲኳ ጋር ተጣብቃ ጠፍጣፋ ሆናለች። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋት ግን ሽታዋ እንዳለ ነው። ያ ቀዝቃዛ ሽታ ከጋለ ፕላስቲክና ከወንበር ጨርቅ ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ፣ ሥራዬን ትቼ በተከፈተው በር ላይ ተቀመጥኩ። መኪናዋ የአባቴ ናት። ዓይኑ ስለደከመ መንዳት አቁሟል፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ የገዛት ሰው መጥቶ ይወስዳታል። እኔም አሁን ከምኖርበት ከዋይሊ ከተማ የመጣሁት ላጸዳት ነበር።

አባቴ ሰው እያመላለሰ ነው ያሳደገኝ። ጠዋት ከዳላስ ወጣ ብላ ሳክሲ ከምትባል ከተማ ካለው ቤታችን ይወጣና በስልኩ የሚጠሩትን እየተቀበለ ከፍሪስኮ ቢሮዎች ወደ ኤርፖርት፣ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ሲል ይውላል። በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ሚንት ከረሜላ የሞላበት ኩባያ ነበረው። ልጅ ሆኜ እጄን ስሰድ፣ «ተይ፣ ለእንግዳ ነው» ይለኛል። ለእኔ ሌላ ከረሜላ ይገዛልኝ ነበር፤ እኔ ግን የምፈልገው የእንግዳውን ነበር።

ሃይስኩል ልጨርስ ስል ሁለት ኮሌጆች ተቀበሉኝ። አንዱ ከቤት እየተመላለሱ የሚማሩበት፣ እናቴ ምሳዬን እየቋጠረች የምትልከኝ ዓይነት ነው። ሌላው በስተደቡብ፣ ግማሽ ቀን የሚያስነዳ። እናቴ ሆስፒታል በሽተኛ ስትንከባከብ ውላ የምትገባ ሴት ስለነበረች ነገሩን ለመጨረስ ጊዜ አልፈጀባትም። «ነርሲንግ። እዚሁ። ከቤትሽ» አለችኝ። የክርስትና እናቴ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንግ ላይ ይዛኝ፣ «ከቤት የወጣ ልጅ እንግዳ ሆኖ ነው የሚመለሰው፣ ልንገርሽ» አለችኝ፤ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ፍርድ እንደሚሰጥ ዳኛ።

አባቴ ብቻ ምንም አላለም። በእሱ ፋንታ ተሳፋሪዎቹ ይናገሩ ነበር።

ሁልጊዜ አመሻሹ ላይ፣ ጫማውን በር ላይ ሳያወልቅ ይጀምራል። «ዛሬ አንድ ሰውዬ ፒክ አፕ አደረግኩ። ትልቅ ማናጀር ነው። ሶ፣ የት ተማርክ አልኩት። ትንሽ ኮሌጅ፣ አስተማሪው ስምህን የሚያውቅበት ግባ አለኝ።» በማግስቱ ደግሞ፣ «ያ ሰውዬ ተሳስቷል። ዛሬ ያገኘኋት ልጅ ትልቁ ውስጥ ነው መግባት አለች፤ ትንሹ ያፍናል አለች።» አንዱ የምትወደውን ትማር ሲል፣ ሌላው የምትወደውንማ ቅዳሜ ትሠራዋለች ይለዋል። አንዱ የቤት ልጅ ቶሎ አይበስልም ሲል፣ ሌላው ከቤት ወጥቼ አንድ ዓመት ሙሉ አለቀስኩ ይላል። አንዱማ ጭራሽ ኮሌጅ ደጃፍ ሳይረግጥ የራሱን ድርጅት ያቆመ ሆኖ ተገኘና፣ አባቴ ያን ቀን እራት እንኳ በቅጡ አልበላም።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ልጅቱን አሳበድካት እኮ!» ትለዋለች እናቴ።

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላል እሱ፣ እንጀራውን እየቆረሰ።

መድኃኒቱ ግን እያደር ራስ ምታት ሆነብኝ። ማታ ስተኛ ወደ ደቡብ ልሄድ የቆረጥኩ ሰው ነኝ፤ ጠዋት ስነቃ እናቴ ኩሽና ውስጥ ስትንጎዳጎድ እሰማና እቀራለሁ እላለሁ። ከሁለት ያጣሁ እንዳልሆን እፈራ ነበር። ሩቁን ኮሌጅ ልናይ ከአባቴ ጋር የሄድን ቀን፣ አስጎብኚው ልጅ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ሲያወራ አባቴ ወደ ላይ የመንገድ መብራቶቹን ነበር የሚያየው። በመጨረሻም እጁን አውጥቶ «ሲመሽ ሁሉም ይበራሉ?» ብሎ ጠየቀ። ያን ዕለት በእፍረት መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የተቆረጠ ሣር ይሸት ነበር፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ዛፍ ሥር አረፍ ስንል ጠየቅኩት።

«ባባዬ፣ ኦኬ፣ ተሳፋሪዎቹን ተዋቸው። አንተ ምን ትላለህ?»

ውሃውን ጠጣ፣ ክዳኑን በጥንቃቄ መለሰ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለኝ። «አገሩ የነሱ ነው።»

ለምን ሩቁን እንደመረጥኩ ዛሬም በቅጡ አላውቅም። ብዙ ሰው ምክንያቱን ይጠይቀኛል፣ እኔም አንድ ያማረ ነገር እመልሳለሁ። እውነቱ ግን አባቴ «ቅሪ» እስኪለኝ ጠብቄ ጠብቄ ሳይለኝ ስለቀረ ይመስለኛል።

ኮሌጁ ሲያስገቡኝ ለሙሽራ እንደሚደረገው በሦስት መኪና ነው የሸኙኝ። የሌላው ልጅ ወላጅ አንድ ሻንጣ አውርዶ ሲሄድ፣ የእኛ ሰዎች ዳቦ ቆሎና በርበሬ፣ ብርድ ልብስና የሩዝ ከረጢት ተሸክመው ደረጃውን ሞሉት። የክርስትና እናቴ ጠበሏን አወጣችና ክፍሉን በአራቱም ማዕዘን ረጨችው። የክፍል ጓደኛዬ፣ እስከዚያች ሰዓት ስሜን እንኳ ያልያዘች ፈረንጅ ልጅ፣ ፊቷ ላይ ሲያርፍባት ዓይኗን ጨፍና «ታንክ ዩ» አለች። አባቴ የመስኮቱን መቆለፊያ ደጋግሞ ሞከረ፣ አልጋዬን ነቀነቀ፣ ጉንጬን ሳመኝና «በይ በርቺ» ብሎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ አልደወለም።

እናቴ በየቀኑ ትደውላለች፤ ምን በላሽ፣ ማን ጋር ዋልሽ፣ ጸሎት አደረስሽ ወይ። ከኋላዋ የአባቴን ሳል እሰማለሁ። «አጠገቤ ነው፣ ሰላም ብሎሻል» ትለኛለች። ስልኩን ግን አይቀበላትም። በእኛ ቤት መንገድ የሄደ ሰው እንዴት ገባህ፣ እንዴት አደርክ ተብሎ ይጠየቃል፤ ጠያቂው ደግሞ የቀረው ነው። የቀረው ዝም ካለ ቅያሜ አለ ማለት ነው። አኩርፎኝ ይሆን? መሄዴን ነው የተቀየመው፣ ወይስ በመብራቶቹ ያፈርኩበት ገብቶት ነው? ስልኩን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። አባትን ለምን አልደወልክም ብሎ መጠየቅ ድፍረት መሰለኝ።

ትምህርት ቤቱ ለአዲስ ተማሪ የመደባት አማካሪ ደግ ሴት ነበረች። የክፍልሽን በር ክፍት አድርጊ፣ ክበብ ግቢ፣ ምሳ ብቻሽን አትብዪ ትለኛለች። ሁሉንም አደረግኩ። በሬን ከፍቼ የአየር ማቀዝቀዣውን ጉርምርምታና የሌሎችን ሳቅ እያዳመጥኩ እቀመጥ ነበር። ኮሪደሩ ፈንዲሻና አዲስ ምንጣፍ ይሸታል። የሚገባው ሰው አልጠፋም፣ ጓደኛም አፈራሁ። እኔ ግን በሩን እያየሁ ጆሮዬ ስልኩ ላይ ነበር።

ለታንክስጊቪንግ በዓል ወደ ቤት ሊወስደኝ አባቴ ራሱ መጣ። የፊት ወንበሩ እንደ ሥራ ቀኑ ሁሉ በጃኬቱ፣ በምሳ ዕቃውና በውሃ ጠርሙሶች ተሞልቶ ነበር። እኔም ሳላስብበት የኋላውን በር ከፍቼ ገባሁ። ከከተማው እንደወጣን ወደ ኋላ ሳይዞር እጁን በትከሻው ላይ አሳለፈ። መዳፉ ላይ ሚንት ከረሜላ ነበረች።

ተቀበልኩት። የክርስትና እናቴ ቃል በጆሮዬ መጣ፤ እንግዳ ሆኖ ነው የሚመለሰው። መብላት አልቻልኩም። በጣቴ ወደ ወንበሩ ስንጥቅ ገፋኋትና እንባዬ መጣ።

በመስታወቱ አየኝ። «ምን ሆንሽ?»

«ለምን አልደወልክልኝም?»

ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። «አንዷን ሴትዮ ጠየቅኳት» አለ። «ልጆቿን ሁሉ ኮሌጅ ያስገባች ናት። ለልጄ በየስንት ቀኑ ልደውልላት አልኳት። ሳትደውልልህ እንዳትደውል፣ ትላመድ፣ ስፔስ ስጣት አለችኝ። ሌላ ሰው ጠየቅኩ፣ ያው። ሌላም ጠየቅኩ። እነዚያ በአንድ ነገር ተስማምተው የማያውቁ ሰዎች፣ በዚህ ሁሉም አንድ አፍ ሆኑብኝ። እውነት ነው ማለት ነው ብዬ... ማለቴ፣ አገሩ የነሱ ነው።» መስታወቱን አስተካከለ። «ስልኩን እናትሽ ላውድ ስፒከር ላይ እንድታደርገው እያልኩ እሰማሽ ነበር።»

«አንተስ? አንተ ራስህ ምን ነበር የምትፈልገው?»

«እኔማ እቤት ብትቀሪ ነበር ደስ የሚለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትቀሪ ነበራ።»

ቀጥሎ ባገኘው ነዳጅ ማደያ ገባና መኪናዋን አቆመ። ነዳጅ አልቀዳም። ጃኬቱን፣ ምሳ ዕቃውን፣ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አንስቶ ወደ ኋላ ወሰደ። ፍርፋሪውን በእጁ ጠረገ። «ነይ፣ ከፊት» አለኝ።

ይቺ ዛሬ በእጄ ያለችው ከረሜላ ያቺው ትሁን ሌላ አላውቅም። ስንቱን ሰው ነው በዚህ ወንበር ያመላለሰው! የፊታችን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኮሌጅ ለሚገቡ ልጆች ምክር ስጪ ተብያለሁ፤ ሳስበው ሰነበትኩ፣ እስካሁን የያዝኩት አንድም ነገር የለም።

አባቴ ግድግዳውን በእጁ እየዳበሰ ከቤት ወጣ። ገዢው ሊመጣ ስለሆነ መሰለኝ መኪናዋን ሊሰናበታት ፈልጓል። የኋላውን በር ከፍቶ፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ተቀምጦበት በማያውቀው ቦታ ተቀመጠ። እኔም ከፊት ገባሁና በመስታወቱ አየሁት። አርጅቷል።

«ባባዬ፣ ለልጆቹ ምን ልበላቸው?»

የፊቱን ወንበር ጨርቅ በመዳፉ ዳበስ አደረገው።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለኝ።