ረቢያ የተወችው ማሳ

የምሥራች ይዣለሁና ምሥር ብዪ በሉኝ። በአርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለችው የሽንኩርት ማሳ በባለቤቷ ስም ተጻፈች። ባለቤቷ ረቢያ ናት። ትናንት ከመሬት ጽሕፈት ቤት ስትወጣ የመሬት ደብተሯን በሻርፗ ጠቅልላ አቅፋው ነበር። ደስታዋ ግን ሙሉ አልነበረም፤ ምክንያቱ የቆየ ነው።

አባቷ የሞቱ ጊዜ ሽማግሌዎች ተቀመጡና እንደ አገሩ ልማድ፣ "ረቢያ፣ ድርሻሽን ትወስጃለሽ ወይስ ለወንድምሽ…" ሲሏት እስኪጨርሱ እንኳ አልጠበቀችም። "ወንድሜ ይኑርልኝ እንጂ መሬት ምን ያደርግልኛል" አለች። እንዲህ ያላለች እህት ባሏ ቢፈታት መመለሻ ቤት፣ ለዒድም የሚጠይቃት ወንድም የላትም ይባላል። ሽማግሌዎቹ መረቋት። ታናሽ ወንድሟ ዘይኑልአቢዲን ጉልበቷን ሳመ። ጨዋ ተባለችና ያን ቀን ደስ ብሏት ዋለች።

ከዚያ በኋላ በየመኸሩ አንድ ማዳበሪያ ጤፍ በአህያ ይልክላታል። ጎረቤቱ "ወንድም ማለት እንዲህ ነው" ይላል፤ እሷም በገዛ አባቷ እህል እጇን ዘርግታ ዱዓ ታደርግለታለች። ባሏ ሞቶ ሲቸግራት በዚያችው ማሳ ሽንኩርት ለመንቀል በቀን ሥራ ገባች። ወንድሟ ሐይቅ ከተማ ቤት ሲሠራ የእሷ ጣሪያ ክረምት ከክረምት ያፈስ ነበር።

ይህን ሁሉ ችላዋለች። ያልቻለችው የልጇን የሉብናን ነው። ሉብና ከማሳው ጫፍ ላይ ቲማቲም ልትሞክር ፈልጋ አጎቷን ጠየቀችው።

"አጎቴ፣ የእማን ድርሻ ብቻ።"

"እናትሽ ትታዋለች፤ ሽማግሌ ይመስክር" አላት፣ ሳይቆጣ፣ እየሳቀ። "ደግሞ ቲማቲምሽን ማን ሊበላልሽ ነው? ይልቅ ባል ፈልጊ።"

ረቢያ አጠገባቸው ቆማ ነበር። አንድ ቃል አልወጣትም። ሉብና በዓመቱ ጅዳ ገባች።

ነገሩን የገለበጠችው የዘይኑልአቢዲን የራሱ ልጅ ኢቲሳም ናት። ከባሏ ተፋትታ ብትመለስ ወንድሞቿ በአባታቸው ፊት "ወደፊትም ድርሻ እንዳትጠይቂን፣ ከአሁኑ ተይልን" አሏት። በማግስቱ አባትየው እህቱ ደጃፍ መጣ።

"ረቢያ፣ መሬትሽን ውሰጂ።"

"ዛሬ ምን ታየህ?"

"የኔዋም እንዳንቺ ትቻለሁ ስትል ሰማኋት። አፉ በዪኝ።"

"አፉ ብዬሃለሁ" አለችው። "አንተን ይቅር ማለት ቀላል ነው። ሉብናን ግን ምን ልበላት?"

ትናንት ከጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ሆና ደወለችላት።

"አልሃምዱሊላህ፣ ደስ ብሎኛል እማ።"

"ነይ እንግዲህ። የውሃ ሞተርም ቀስ ብለን እንገዛለን።"

"እማ፣ ያኔ ነበር። የሰው ቤት ወለል ስፈገፍግ ወገቤ ሄዷል፤ ጎንበስ አይልልኝም። ለእኩል አራሽ ስጪውና ብዪበት።"

ረቢያ ስልኩን ከዘጋች በኋላም ከጆሮዋ አላወረደችውም። "ምን ነበረበት፣ ያን ቀን ባልቸኩል" አለች፣ ለማንም ሳይሆን። "ወይ ልጄ ስትጠይቀው አብሬያት አንድ ነገር ብናገር።"

እኔም ይህን ስጽፍ ረፈደብኝ። የጎረቤቴ የለተብርሃን አባት አርባቸው ወጥቶ ዛሬ ከሰዓት ሽማግሌ ይቀመጣል፤ እሷም ለወንድሞቿ ልትተው እንዳሰበች ሰምቻለሁ። ሳይጠይቋት ልድረስባትና የረቢያን ልንገራት።