በንፋስ የጠበቀ ቡሎን

ጎሚስታ ሁሉ ጉረኛ ነው። እኔ አብዱልመናን ደግሞ በወጣትነቴ የጉረኞች አለቃ ነበርኩ። ናዝሬት ላይ፣ ከአውቶቡስ ተራው ዝቅ ብሎ፣ ጎማ የምጠግንባት አንዲት የቆርቆሮ ቤት ነበረችኝ፤ ከወሎ መጥቼ ላቤን አንጠፍጥፌ የከፈትኳት። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ወዳጄ ደሊል፣ የአሰብ መስመር ሾፌር፣ አንድ ነገር አመጣልኝና ያቺ ቆርቆሮ ቤተ መንግሥት መሰለችኝ። የንፋስ ቁልፍ ነው። ከኮምፕሬሰሩ በቱቦ ንፋስ ይስባል፤ ቡሎኑ ላይ ገጥመህ ምላሱን ስትጫነው ትርርርር እያለ እየደበደበ ይፈታል፣ ያጠብቃል። ሰው የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ከሻይ ቤት እየወጣ ያየኝ ነበር። እኔማ የሚፈታ ቡሎን ሳይኖርም አስጮኸው ነበር፤ ምን ያስዋሸኛል!

ለማውራት የተነሳሁት ግን ስለ እትዬ ይርጋለም ነው።

እትዬ ይርጋለም የሂሳብ አስተማሪ ነበሩ። ባለቤታቸው ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው ሲሞቱ አንድ ልጅና አንዲት ሰማያዊ ሴይቼንቶ ፊያት ትተውላቸዋል። በሰፈራችን መኪና የሚነዱ ሴት እሳቸው ብቻ ነበሩ። አጭር ስለነበሩ ትራስ ደርበው ነው የሚቀመጡት፤ ከሩቅ ሲመጡ መሪውን የጨበጡ ሁለት እጆችና ነጭ ነጠላ ብቻ ይታይሃል። ባለጋሪዎቹ ገና ጡሩምባቸውን ሲሰሙ «እትዬ መጡ! ዘወር በሉ!» ይባባላሉ። የቤንዚን ኩፖናቸውን ዳዊታቸው ውስጥ ነበር የሚያስቀምጡት። እኔ ሥራ ላይ ማንጎራጎር እወዳለሁ፤ እሳቸው ታዲያ «አንተ ወሎዬ፣ ጎማ ሥራልኝ አልኩህ እንጂ መንዙማ አውጣልኝ አልኩህ?» ይሉኛል። ዝም ካልኩ ደግሞ «ምነው ዛሬ አመመህ እንዴ?» ይላሉ። አቤት ያ ጊዜ!

ልጃቸው ንዋይ ሎጋ ነው፣ ሳቂታ። በሰባ ስምንት ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ስሙን አወጣው። ወጣቶቹ ለስብሰባ ተብለው ተጠሩ፤ ከስብሰባው አዳራሽ በቀጥታ መኪና ላይ ተጫኑ። እናትየው ምሳ አቅርበው ሲጠብቁ ልጁ በዚያው ሄደ። መሄዱን እንኳ ቀስ በቀስ ችለውት ነበር፤ የአገሩ ልጅ ሁሉ እየሄደ ነው። ያልቻሉት ሳይመርቁት መሄዱን ነው። «ሰው ልጁን ገበያ ሲልክ እንኳ እትፍ እትፍ ብሎ ነው» ይሉኝ ነበር፤ «የኔን ልጅ እንደ ሸንኮራ ጫኑት። ምርቃቴ እዚህ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።» ከዚያ በኋላ ቢያምረኝ እንኳ ለማንጎራጎር ድፍረቱ አልነበረኝም።

ከሦስት ወር በኋላ ወሬ መጣ። ልጆቹ ከመተሐራ ወዲያ ካለው ማሠልጠኛ ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት ወደ ሰሜን ይንቀሳቀሳሉ፤ ወላጅ ከደረሰ በር ላይ ሊያያቸው ይችላል ተባለ። እትዬ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሴይቼንቷን አቆሙብኝ። ፊታቸው በርቷል፤ ስንት ጊዜ ሆኖት!

«አብዱ፣ አራቱንም ጎማ እይልኝ። ነገ ልጄን ልመርቅ ነው።»

አየሁላቸው። ንፋሱን ሞላሁ፣ የተበላውን የፊት ጎማ በደህና ቀየርኩ። ከዚያ የንፋስ ቁልፌን አነሳሁ። መቼም ሰው ከጥላቻ ብቻ የሚያጠፋ ይመስለዋል፤ እኔ ያጠፋሁት ከፍቅር ነው። ብቻቸውን ነው የሚሄዱት፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጎማ ወልቆ ቢገለበጡስ ብዬ እያንዳንዱ ቡሎን ላይ ጣቴን ሳልነቅል ያዝኩት። ትርርርርርር! «እትዬ፣ ይኼን ሰይጣንም አይፈታው!» አልኳቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

በማግስቱ ሳይነጋጋ ወጡ። የወለንጪቲን ኬላ እንዳለፉ ኬላው ከኋላቸው ተዘጋ፤ በዚያን ጊዜ ወታደር ሲንቀሳቀስ መንገዱ ከሁለት ወገን ይዘጋ ነበር። ከወለንጪቲ ራቅ እንዳሉ፣ ሜዳ መሐል፣ የኋላ ጎማቸው ፈነዳ። እትዬ መፍታት ያውቃሉ፤ ባለቤታቸው አሳይተዋቸዋል። ክሪኩን አወጡ፣ መለዋወጫውን ጎማ አወጡ፣ ከመኪናዋ ጋር የመጣችውን ትንሿን ቁልፍ ገጠሙ። ንቅንቅ የለም! ቆሙባት። ዘለሉባት። አህያ እየነዱ የሚያልፉ አንድ ገበሬ «አሸማ» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተው ቀርበው አብረዋቸው ታገሉ፤ ቁልፏ እንደ ማጭድ ጎበጠች። መንገዱ ዝግ ነው፤ ከኋላ የሚደርስ አውቶቡስ የለ፣ የጭነት መኪና የለ። አራት ሰዓት ሞላ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ከመተሐራ በኩል አቧራው ታየ።

ኮንቮዩ ነው። እትዬ እዚያው አስፋልቱ ዳር ቆሙ። ልጃቸው የትኛው ላይ እንዳለ አያውቁም፤ መኪናው ብዙ ነው፣ ልጁ ሁሉ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሷል፣ ፀጉሩ ተላጭቷል። ስለዚህ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው እያንዳንዱን መኪና መረቁ። «በሰላም ግቡ! እሾህ አይውጋችሁ! ወጥታችሁ አትቅሩ!» እያሉ፣ የመጨረሻው እስኪያልፍ። ድምፃቸው በሞተሩ ተዋጠ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡ። በስምንት ሰዓት መንገዱ ተከፍቶ ከአሰብ የሚመጣው ደሊል ደረሰላቸውና በከባድ መኪና ቁልፍ፣ ረጅም ቧንቧ አስገብቶበት፣ በግድ ፈታላቸው።

ማታ ደሊል ቤቴ መጥቶ ነገረኝ። «ማነው እንደዚህ ያጠበቀው? ብረቱ ጮኸ እኮ!» አለኝ። ወላሂ እራቴን ሳልበላ አደርኩ።

ዓርብ ጠዋት እትዬ መጡ። የአንገት ሀብላቸውን አውልቀው የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት፣ ዘይትና ቅባት መሐል።

«ያንተን ዓይነት የሚፈታ መሣሪያ ምረጥልኝ። ደሊል ከአሰብ ያምጣልኝ።»

«እትዬ፣ የኔ በኮምፕሬሰር ነው። ኮምፕሬሰሩ ከሴይቼንቷ ይተልቃል፤ መኪናዋን እሱ ላይ ካልጫንናት በቀር አይሆንም።»

«ሌላ የለም?»

«በቤት መብራት የሚሠራ አለ። ወለንጪቲ ሜዳ ላይ ግን ምኑ ላይ ይሰኩታል?»

«በመኪና ባትሪ የሚሠራ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። እሱን ይሁን። ሀብሉ ካላነሰ።»

«በዓመት ሁለቴ ለሚፈታ ጎማ?»

«ለአንድ ቀን ነው የምፈልገው!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ክንዳቸውን በሌላው እጃቸው መታ መታ አደረጉት። «ይሄ ነው ልጄን ያሳጣኝ። ይሄ የደከመ ክንድ። ወንድ ብሆን እፈታው ነበር።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ማንም አያውቅም፤ ደሊልም አልጠረጠረም። ሀብሉን ተቀብዬ፣ መሣሪያውን አስመጥቼ፣ ተመርቄ እኖር ነበር። ግን እኚያ ሴት ዕድሜ ልካቸውን ክንዳቸውን ሲረግሙ ማየት አልቻልኩም።

«እትዬ፣ ክንድዎ አይደለም። እኔ ነኝ» አልኩ። «በንፋስ ያለ ልክ አጠበቅሁት። ጎልማሳ ወንድ በዚያች ቁልፍ አይፈታውም። አንዱ ምክንያት እንዳይወልቅ ብዬ ነው፤ ሌላው ግን ጉራዬ ነው።»

እንዲሰድቡኝ ፈልጌ ነበር። ሀብላቸውን አንስተው አጠለቁና «እንግዲያው በእጅ የሚሠራውን ስጠኝና አስተምረኝ» አሉ፣ ፊቴን ሳያዩ።

ባለ መስቀሉን ቁልፍ መረጥኩላቸው፤ አራት ክንድ ያለው፣ በሁለት እጅ የሚያዝ። ጉልበት ባነሰ ጊዜ ቁልፉ ላይ የሚሰካ የውኃ ቧንቧም ቆርጬ ሰጠኋቸው። በሌላ ጊዜ ቢሆን «እስላሙ መስቀል መረጠልኝ» ብለው ባሾፉብኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን አላሾፉም። አራቱንም ጎማ ራሳቸው ፈትተው ራሳቸው አጠበቁ። ያን ዕለት የገባኝ ነገር ይህ ነው፦ የራስ እጅ ያጠበቀውን የራስ እጅ ይፈታዋል። መሣሪያ መምረጥ ከዚያ ወዲያ ነው።

አራት ወር አላናገሩኝም። ጡሩምባቸውን ሳይነፉ በደጄ ያልፋሉ። ከዚያ አንድ ቀን ሴይቼንቷ ቀጥ ብላ ቆመች። በእጃቸው ደብዳቤ ይዘዋል። «ቁጭ በል» አሉና እዚያው ጎማ ላይ ተቀምጠው አነበቡልኝ።

«እማዬ፣ ከማሠልጠኛው ስንወጣ ሸራውን ስለዘጉብን በር ላይ የቆሙትን እናቶች አላየናቸውም። ወለንጪቲ ልንደርስ ስንል ሙቀቱ በረታና ሸራው ተገለበጠልን። ሰማያዊዋን መኪና ያወቅኋት እኔ ነኝ። እጅሽን ዘርግተሽ ነበር። ጠራሁሽ፣ አልሰማሽኝም። መኪናው ላይ የነበርነው ሁሉ ግን አሜን ብለናል።»

ደብዳቤውን አጠፉት። «በር ላይ ከቆሙት እናቶች ልጇን ያየች የለችም» አሉ። «ያን ቡሎን ባታጠብቀው ኖሮ ሸራ መርቄ እመለስ ነበር።»

አለቀስኩ፤ አላፍርም። እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና «ቢሆንም ጥፋቱ ያንተ ነው!» አሉኝ። «ደግሞ ምነው ዝም አልክ? አመመህ እንዴ?»

ንዋይ አልተመለሰም። ከዚያች ደብዳቤ በኋላ ሌላ አልመጣም። መንግሥት ተለውጦ ወታደሩ ሲበተን እትዬ አውቶቡስ ተራው ላይ ስንት ቀን ቆሙ መሰላችሁ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ በዚያች ቀን ወደ ወለንጪቲ ይነዱ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዓይናቸው ደክሞ እኔ ነበርኩ የምነዳላቸው፤ ቡሎኑን ግን ራሳቸው ካላጠበቁ አይነሱም። እዚያ ቦታ ስንደርስ ይወርዱና አስፋልቱ ዳር ቆመው የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ይመርቃሉ፤ ሲኖትራኩን፣ አውቶቡሱን፣ ፍየል የጫነውን። ሾፌሮቹ ጡሩምባ ነፍተው ያልፋሉ። የሚመልስላቸው ስለሌለ እኔ ከጎናቸው ቆሜ «አሚን» እላለሁ።